ታድግበታለች

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል ነበር ድሮ። ዛሬ ቀሚስ መበጣጠስ ያስከስሳል፤ ተረቱን ግን ማንም አልከሰሰውም፤ እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። ኮምቦልቻ ውስጥ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ልብሱን የሚቀበለው በጥምቀት ዋዜማ ነው። አንድ ልብስ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ይለብሰዋል፤ ከዚያ ያስረክብና የአዋቂ ይሰጠዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱ ሲታጠብ ልጁ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቤት ይውላል። በኮምቦልቻ ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ላይ ልጅ አይታይም፤ እንግዳ ሰው ከተማው መካን ይመስለዋል።

አንድ ልብስ ለሰባት ዓመት እንዴት ይበቃል ለሚል መልሱ እጥፍ ነው። ከጫፉ ከፍ ብሎ ሰባት እጥፍ ይሰፋበታል፤ ለአንድ ዓመት አንድ እጥፍ፤ አጭር ዘር ከሆነ ያንሳል። ጳጉሜ ሲገባ እናት በሯ ላይ ተቀምጣ አንዱን ረድፍ ትተረትራለች፤ ልብሱም ጥቂት ጣት ይረዝማል። ታጥፎ የከረመው ጨርቅ ፀሐይ ስላላየው ከሌላው ይደምቃል። ስለዚህ የአንድ ልጅ ዕድሜ ስንት እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ፊቱን አያይም፤ ጎንበስ ብሎ ጫፉን ያያል። ለእንቁጣጣሽ አዲስ ልብስ ማለት ዛሬ ያች አንዲት ደማቅ መስመር ናት፤ ልጆቹም እንደ ሙሉ ልብስ ይኩራሩባታል።

እኔ ወለላ እባላለሁ። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለው አዳራሽ ተርታሪም ሰፊም ነኝ። ጨርቁ የሚመጣልን ከጃፓን ነው። ውሃው ለእህል ተብሎ ጥጥ መዝራት ከቀረ፣ መሸመንም ከተከለከለ ወዲህ ዓለም የሚለብሰው የነበረውን ነው። የእኛው ሰልባጅ በእናቴ ዘመን ተገላብጦ አለቀ። ጃፓን ግን ቤቱ ሁሉ ባዶ ሆኖ ሣጥኑ ሙሉ ነበር። ሰዎቹ አረጁ፣ ሞቱ፣ ወራሽ አልነበራቸውም፤ ኪሞኖ የሚሉት የሐር ልብሳቸው ከነካፉሩ፣ ከነብል መድኃኒቱ፣ በሣጥን ቀረ። አሁን በቦንዳ ታስሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በባቡር ተጭኖ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ቦንዳው ሲፈታ አዳራሹ ከሰው ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ የገቡ ያህል ይሸታል።

ኪሞኖን የፈጠረው ሰው ስለ እኛ አስቦ የፈጠረው ይመስለኛል። በክብ የተቆረጠ ነገር የለበትም። ክሩ ከተመዘዘ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ መቀነት የመሰለ ጨርቅ ሆኖ ያርፋል፤ ከእሱ ቀሚስ ማውጣት፣ ሸሚዝ ማውጣት፣ ሱሪም ማውጣት ይቻላል፤ ቁራጭ አይተርፍም። እጅጌው እንደ ከረጢት ስለሆነ ደግሞ ዕቃ ይገኝበታል። የጥርስ እንጨት፣ የባቡር ቲኬት፣ የደረቀ ፍሬ። አንድ ጊዜ አንድ ነጠላ ጉትቻ አግኝቼ ሌላውን ፍለጋ ዓመት ሙሉ ስተረትር ኖሬያለሁ፤ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ሥራውን ያስተማረችን ሚቺ የምትባል ጃፓናዊት ነበረች። ስትመጣ ፀጉሯ ጥቁር ነበር፤ ባለፈው ክረምት እዚሁ አርፋ ስንቀብራት ነጭ ነበር። እትዬ ሚቺ ነበር የምንላት። የልጅ ልብስ ላይ እጥፍ አስቀርቶ መስፋት የአገሯ ልማድ እንደሆነ ልታስረዳን በአስተርጓሚ ስትደክም፣ የዛሬዋ አንጋፋችን እትዬ ዘቢደር አቋረጠቻትና፣ «ምኑን ታስረጂናለሽ፤ ያድግበታል ነው እኮ!» አለች። አስተርጓሚው ተረጎመ። ሚቺ ሳቀች፤ ከዚያም ቃሉን ተለማመደች። ያድግበታል። ከአማርኛ መጀመሪያ ያወቀችው እሱን ነው፤ ከሰላምታ በፊት።

አንድ ነገሯ ብቻ አይገባንም ነበር። አልፎ አልፎ ከቦንዳው ውስጥ የልጅ ኪሞኖ ይወጣል። አንዳንዱ እጥፉ እንደተሰፋ ነው፤ አንድም ረድፍ አልተፈታም፤ ክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም እንደነበረ አለ። ሚቺ እንዲህ ያለውን ስታገኝ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ትልለትና ወደ ዳር ታስቀምጠዋለች፤ እሷ ባለችበት ማንም አይተረትረውም ነበር። እኛ ሀብታም ቤት የተሰፋ ነው፤ ልጁ ሌላ ልብስ ሞልቶት ነው እንላለን። ጎንበስ የምትለው ለሀብታም ይመስለን ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ልኬት የምንቀበለው ከሰሌዳው፣ ጠረጴዛችን ላይ ከሚበራው አስቢ መሣሪያ ነው። ሰው ለክቶ አይሰጠንም። ልጆቹ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፣ አረንጓዴ ሲበራ ይገባሉ፤ የቀረውን ሰሌዳው ያውቃል። ጠረጴዛዬ ላይ ስሙን፣ ቁመቱን፣ የትከሻውን ስፋት፣ የእጥፉን ብዛት ያወጣልኛል። ለእኔ የወጣውን ሌላ ሰው አያይም። እኛም አንነጋገርበትም፤ ደንቡ ስለሚከለክል ብቻ አይደለም። የልጅ ቁመት በሰው አፍ ከገባ ዓይን ይበላዋል። ይህን ከሰሌዳው በፊትም እናውቃለን።

ሌላው ደንብ ለዘመድ አለመስፋት ነው። ሰሌዳው የአክስትሽን የልጅ ልጅ ያውቃል፤ ከየት እንደተወለድሽ ሰባት ቤት ይቆጥርልሻል። አበልጅ የሚለውን ቃል ግን አያውቅም። ለዚህ ነው በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ የክርስትና ልጄ የትርሲት ልኬት ጠረጴዛዬ ላይ የወጣው።

ትርሲት የማስተዋል ልጅ ናት። ማስተዋል ከእኔ ሁለት ጠረጴዛ አልፋ ትሠራለች፤ አበልጄ ናት፤ ከእህት የምለያት አንድ እናት ስላልወለደችን ብቻ ነው። ልጅቷን በሰማንያ ቀኗ ያቀፍኳት እኔ ነኝ። የራሴ ልጅ የለኝም። ስሟን ሳየው ደስ አለኝ፤ ደንቡን ሳላፈርስ ልሰፋላት ነው ብዬ ለሰሌዳው አላዋቂነት ዕድሜ ተመኘሁለት። ከዚያ ወደ ታች አነበብኩ። ቁመት አለ፣ ትከሻ አለ። እጥፍ በሚለው ፊት «የለም» ይላል።

መጀመሪያ ሰሌዳውን በእጄ ጠረግሁት። አቧራ ያጠፋው ቁጥር ያለ ይመስል።

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ዘቢደርን ቦንዳዎቹ ጀርባ አገኘኋት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች።

«እትዬ ዘቢደር፣ እጥፍ የሌለው የልጅ ልኬት ደርሶሽ ያውቃል?» አልኳት።

«የለም ማለት?»

«የለም ማለት የለም።»

ማሻሸቷን ተወች። «የማን ልጅ ናት?»

«የልጅ ልኬት አይወራም።»

«ወለላ!»

«የማስተዋል ናት» አልኩ። «ትርሲቴ ናት።»

እትዬ ዘቢደር ጣቶቿን እያጠፈች በልቧ ቆጠረች። በልቧ የምትቆጥር ሴት አይደለችም፤ ጥርሷን ስታስነቅል እንኳ ስታወራ ነበር። ከዚያ፣ «የአስናቀችን ልጅ ታስታውሺዋለሽ? ቦርከና የወሰደውን?» አለችኝ።

«ረሳዋለሁ?»

«እኔ ነኝ የሰፋሁለት። ሁለት እጥፍ ነበር። የአባቱን ቁመት አስቤ፣ ምን ያድጋል ይሄ ብዬ ሳቅሁ። ሁለተኛውን እጥፍ በፈቱለት በጥቅምቱ ነው ውሃው የመጣ።» ጫማዋን አንስታ ሳትለብሰው መልሳ አስቀመጠችው። «ደግሞ የሼህ ይማም የልጅ ልጅ፣ ያች ሳል የወሰዳት። አራት ነበር። ደግሞ…»

«በቃሽ» አልኳት።

«ሚቺ ለምን ጎንበስ ትል እንደነበረ አሁን ገባኝ» አለች እትዬ ዘቢደር።

ለእኔም ገባኝ። ያ ሁሉ ያልተፈታ እጥፍ፣ ያ ሁሉ የሀብታም ልጅ ያልነው። ስንቱን እየተሳሳቅን ተርትረነዋል።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን አቶ ግዛቸው ዘንድ ገባሁ። ቢሯቸው ከአዳራሹ በላይ ነው፤ በመስታወቱ ሁላችንንም ያያሉ። ሻያቸው ፊታቸው ቀዝቅዟል።

«አንድ ልኬት ተሳስቶ የመጣብኝ መሰለኝ» አልኳቸው።

ቀና ሳይሉ፣ «እጥፍ ነው?» አሉ።

«አዎን።»

«አልተሳሳተም። ጠይቄዋለሁ።»

«ምን አለዎት?»

«ይበቃል አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። ይበቃል አለ፤ በቃ።»

ወንበሩን ሳይፈቅዱልኝ ተቀመጥኩ። «ሕመም አለባት ማለት ነው? ሐኪም ዘንድ ልውሰዳት? ይንገሩኝ እንጂ።»

«ወለላ፣ ሰሌዳው ሐኪም አይደለም» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነው። «እገሌ ይሞታል አላለም፤ እንዲህ እንዲልም ማንም አላዘዘውም። እኛ ያዘዝነው ጨርቅ እንዳያባክን ነው። ጨርቅ አያባክንም። ለሚፈልገው የሚፈልገውን ያህል ይሰጣል።»

«እና ዝም ብዬ ልስፋ?»

«ምን ልበልሽ!» አሉና በመስታወቱ ወደ አዳራሹ አዩ። «ዛሬ ደግሞ ሁላችሁም ምን ሆናችኋል? ሂጂ። በሩን ዝጊልኝ፤ ብርድ ይገባል።»

በማግስቱ ለማስተዋል የዕቃ ግዢ ሰበብ ነግሬ ትርሲትን ይዣት ወጣሁና ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። አረንጓዴ በራ። እንደገና አቆምኳት፤ እንደገና በራ። ሦስተኛ ላቆማት ስል፣ «እትዬ ወለላ፣ ጨዋታ ነው?» አለችኝ። ጨዋታ ነው አልኳት። እስክንመለስ ድረስ በየሰው በር ላይ እጇን እየዘረጋች ስትቆም ነበር። ጉንጯ ቀይ፣ እግሯ ፈጣን፣ ከአፏ የማይጠፋ ጥያቄ ያላት ልጅ ናት። ምንም የለባትም። ከሰሌዳው በስተቀር አለባት የሚል አላገኘሁም።

ለማስተዋል ልንገራት ወይስ አልንገራት? ከእትዬ ዘቢደር ጋር ሁለት ቀን ተከራከርን። ብነግራት ምን ታደርጋለች? ልጇን ታቅፋ ቁጭ ትላለች፤ ባሳለች ቁጥር ትሞታለች፤ ልጅቷ ሳትሄድ እናቷ ትሄዳለች። ባልነግራት ግን ልብሱ ራሱ ይነግራታል። ኮምቦልቻ ውስጥ እናት የልጅ ልብስ ስትቀበል መጀመሪያ የምትነካው ጫፉን ነው። እጥፍ የሌለው ልብስ ቢሰጣት ማስተዋል ትርጉሙን ባታውቅ እንኳ ትጠይቃለች፤ ጠይቃም አታርፍም።

«ታዲያ እጥፍ እንስፋላታ» አለች እትዬ ዘቢደር በመጨረሻ።

«ከየት አምጥተን? ጨርቁ በሚዛን ነው የሚሰጠኝ።»

እትዬ ዘቢደር እጇን ዘረጋች። የአዋቂ ልብስ እጅጌው ሰፊና ረጅም ሆኖ የሚሰፋልን ሲቀደድ ለመጣፊያ እንዲሆን ነው። የእሷ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ቦንዳው እንደተፈታ በዓይኗ የመረጠችውና እስኪደርሳት አራት ዓመት የጠበቀችው ጨርቅ ነው። መቀሱን ከአንገቷ አውርዳ ከክርኗ ዝቅ ብሎ ቆረጠችው። እኔም የእኔን ቡናማ ቆረጥኩ። የታኅሣሥ ብርድ ክንዴ ላይ አረፈ፤ ሌላ ጊዜ ብርድ ያሰንፈኝ ነበር፣ በዚያ ቀን ግን አልሰነፍኩም።

የትርሲት ጨርቅ ስስ ነጭ ሐር ነው፤ ትናንሽ ወፎች ተስለውበታል። ከውጭ የሚታየውን በነጩ አለበስኩት፤ እጥፉ ውስጥ የሚቀረውን በሰማያዊውና በቡናማው ሞላሁት። ላዩን ያየ ሰው ልዩነት አያገኝበትም። ሰባት ለማድረግ ስንፍጨረጨር ጨርቁ አለቀብን። ስድስት ወጣልን። ስድስት ከሰባት ያንሳል፤ ግን ከምንም ይበልጣል እያልን ተጽናናን፤ ልክ ዓመቱን የምንሰጣት እኛ የሆንን ያህል።

ልብስ ሲያልቅ አቶ ግዛቸው ራሳቸው ይመዝኑታል። ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። ከሚገባው በላይ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቁጥሩን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እጅጌዬንም አዩት። ልብሱን አንስተው አጣጠፉት።

«ልክ ነው» አሉ። «ቀጣይ።»

የዚያን ሰሞን ከተማችን አንድ ፋሽን ገባ። አመልማል የምትባለው ጎረቤቴ፣ ከፊት ለፊቴ የምትሠራው፣ አንድ ጠዋት እጅጌዋን አሳጥራ መጣች። ቀጥሎ ሌላዋ። በጥር መግቢያ ላይ ከአዳራሹ ግማሹ ክንዱን አውጥቶ፣ ቆዳው በብርድ ተኮማትሮ ይሰፋል። አለባበስ የማውቅ ስለሚመስለኝ፣ ወጣቶቹ እኔንና እትዬ ዘቢደርን አይተው ቀዱን ብዬ ውስጤን ትንሽ ደስ አለው። ማስተዋልም አሳጥራ መጣች።

«አንቺም ፋሽን ጀመርሽ?» አልኳት።

«ምን ፋሽን፤ ምድጃ ነካብኝ እንጂ። ያንቺስ?»

«ሚስማር ያዘብኝ።»

«ሁለቱንም?»

«ያንቺንስ ምድጃው ሁለቱንም ነው የነካው?» አልኳትና ተሳሳቅን።

በጥምቀት ዋዜማ ልብሱ ታደለ። ማስተዋል ቤት ነበርኩ። ትርሲት ለብሳ ክፍሉን ዞረችው፤ ወፎቹ በእርግጥ የሚበሩ መሰላት፤ ቁጭ ብድግ እያለች ታባርራቸዋለች። ማስተዋል ይዛ አቆመቻትና ጫፉን ነካች። በጣቷ ቆጠረች።

«ስድስት ናቸው» አለች።

«ስድስት ናቸው» አልኩ።

«የሙላት ዘር አጭር ነው፤ እሱም ትከሻዬ ጋ ነው የሚደርስ» አለች ስለ ባሏ። ሳቅሁላት። ጣቷን ግን ከእጥፉ ላይ አላነሳችም፤ ተርታሪ ስፌት ሲፈልግ እንደሚያደርገው ወደ ግራ ወደ ቀኝ አሸችው። «ያንቺ ስፌት ነው፣ አይደለም?»

«ልኬት አይወራም፣ አበልጄ።»

«አይወራም» አለች። ልጇን ወደ ደረቷ ሳበቻት። «ብቻ ታድግበታለች።»

«ታድግበታለች» አልኩ እኔም።

ጥምቀት በእኛ ዘመን ውሃ ያለ ልክ የሚፈስበት አንድ ቀን ነው። ቧንቧው ተከፍቶ፣ ጸበሉ በጎማ ተረጭቶ፣ አስፋልቱ ጭቃ እስኪሆን ማንም አይቆጥርም። ሕዝቡ ዓመት ሙሉ የሚያወራው ያንን ነው። እስላም ጎረቤቶቻችንም ለውሃው ይመጣሉ። አዲስ ለባሾቹ፣ የዘንድሮዎቹ ባለ አምስት ዓመቶች፣ እንደ ልማዱ ከፊት ይሰለፋሉ። ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ነጭ፣ ሮዝ፣ ቢጫ ስስ ሐር፣ ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም ጫፉ ላይ በእጥፍ የወፈረ። ትርሲት መሃል ላይ ናት። ማስተዋልና እኔ ከገመዱ ኋላ ቆመናል። እትዬ ዘቢደር ከጎኔ ናት፤ ባዶ ክንዷን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች።

ካህኑ ጎማውን አነሱ። ውሃው በፀሐይ እያብረቀረቀ ወጣና ልጆቹ ላይ ወረደ። ልጆቹ ጮኹ፣ ዘለሉ፣ አፋቸውን ከፈቱለት።

እርጥብ ሐር ምሥጢር እንደማይጠብቅ እኛ ሰፊዎቹ ልናውቅ ይገባን ነበር። አዳራሹ ውስጥ በየቀኑ የምናጥበው ጨርቅ ነው። ሁላችንም ረሳነው።

የትርሲት ነጭ ጫፍ ውሃውን ጠጣና እግሯ ላይ ተለጠፈ። ከነጩ ሥር የእትዬ ዘቢደር ሰማያዊ ብቅ አለ፣ ከሱ በላይ የእኔ ቡናማ፤ ስድስቱም መስመር አንድ በአንድ ታየ። ማስተዋል እንዳታይ ፊቷ ልቆም ስል፣ ዓይኔ ከትርሲት ቀጥላ ወዳለችው ልጅ ዞረ። ሮዝ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ጥቁር ወጥቷል። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ወንድ ልጅ አረንጓዴ። ከእሱ ቀጥሎ የአበባ ሥዕል ያለበት ቢጫ፤ ያንን አበባ አውቀዋለሁ፣ የአመልማል እጅጌ ነው፤ ልጅቷን ግን አላውቃትም። ዓይኔ እስከ ሰልፉ ጫፍ ሄደ። ከልብሱ ጋር አንድ ዓይነት እጥፍ ያለው ልጅ ፈለግሁ። ሌላ ቀለም ያልወጣበት አንድ ልጅ ብቻ እንዲገኝ ተመኘሁ።

አልነበረም።

አቶ ግዛቸው የማን ልጅ ልኬት እንደሆነ አልጠየቁኝም ነበር። ያ ትዝ አለኝ።

ከፊት ያሉት እናቶች መጀመሪያ የራሳቸውን ልጅ አዩ፣ ከዚያ የጎረቤትን፣ ከዚያ እርስ በርስ ክንድ ለክንድ ተያዩ። ከኋላ ያሉት አልገባቸውምና ከበሮውና እልልታው አልቆመም። ካህኑም ውሃውን ይረጫሉ። ከልጆቹ ጫፍ ሰማያዊና ቡናማ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ውሃ እየተንጠባጠበ አስፋልቱ ላይ ይቀላቀል ጀመር።

ማስተዋል ገመዱን አልፋ ልጇ ጋ ሄደች፤ ተከተልኳት። ተንበርክካ የትርሲትን ጫፍ ያዘች። ሰማያዊውን አየችው፣ ቡናማውን አየችው፣ ቀና ብላ ክንዴን አየችው። ልናገር አፌን ስከፍት የራሷን ክንድ አነሳችልኝ። በምድጃ የተነካ ነገር አልነበረበትም፤ ከክርኗ በታች በመቀስ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

«የማንን ልጅ እንደሰፋሁ አትጠይቂኝ፣ አበልጄ» አለች።

ጎንበስ ብዬ ጫፉን በሌላው ወገን ያዝኩላት።

በሰልፉ ሁሉ እናቶች ጎንበስ ብለው የልጆቻቸውን ጫፍ ይጨምቁ ነበር። ቀና ያለ ሰው አልነበረም። ሚቺ ትዝ አለችኝ፤ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ስትል።

«እማዬ፣ ሁሉም ሰው ለምንድን ነው ጎንበስ ያለው?» አለች ትርሲት። ከንፈሯ በብርዱ ተንቀጥቅጧል፤ እጆቿን ግን በትምህርት ቤት በር ላይ እንደምትቆመው ግራና ቀኝ ዘርግታ ትጠብቃለች።

ማስተዋል ጫፉን አጥብቃ ጨመቀችው፤ ደጋግማ ጨመቀችው፤ ውሃው ግን ሰማያዊ መሆኑን አልተወም።

«ቀሚሱ ረዝሞብሽ ነው፣ እናቴ» አለቻት። «ዝም ብለሽ ቁሚ። ታድጊበታለሽ።»